‹ቬሪ ዌል› የምትለዋ ሳጥን

ከጋሼ እንዳሻው ጋር ያስተዋወቀኝ አንድ ግራጫ ካልሲ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለው ላውንድሪ ውስጥ፣ ልብሴን ከማጠቢያው ወደ ማድረቂያው ሳዛውር የእኔ ያልሆነ የወንድ ካልሲ እጄ ላይ ቀረ። ዞር ስል ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ አዛውንት ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ወለሉ ላይ የሆነ ነገር ሲፈልጉ አየሁ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ይሆን?»

«የእኔ ነው! እኔ እኮ ማሽኑ በላው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እግዜር ይስጥሽ።» ካልሲውን ተቀብለው ወደ ቀኝ ዓይናቸው በጣም አስጠግተው አዩት። «ነይ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። የአንቺም ማድረቂያ ሃምሳ ደቂቃ ይላል።»

እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር የሚከብደኝ ሴት ነኝ። ሚድ ዊልሻየር ሰፈር የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤቱ ውስጥ የራሱ ማጠቢያ አለው። እሑድ እሑድ ከረጢቴን ተሸክሜ እስከ ፌርፋክስ የምመጣው የሰው ድምፅ ለመስማት ነው። መጥቼም ከማንም ጋር ሳልነጋገር፣ ወረቀቴን ዘርግቼ ሥራ የያዝኩ መስዬ እመለሳለሁ። የዚያን ቀን ግን አንድ ካልሲ መልሼ ጥሎ መሄድ ነውር መሰለኝና ተቀመጥኩ።

«ተማሪ ነሽ?» አሉኝ ጭኔ ላይ ያሉትን ወረቀቶች እያዩ።

«ትምህርት ጨርሻለሁ። የምሠራው ጥናት ቢሮ ነው። የእስያውያንንና የማርሻሊዝ ማኅበረሰብን ኑሮ እያነጻጸርን ነው።»

«የማንን?»

«የማርሻሊዝን።»

«ማርሻል የወታደር ማዕረግ አይደለም እንዴ? እኔ የማውቀው ፊልድ ማርሻል ነው። የእነሱ ጡረታ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ምኑ ይጠናል?»

ከባንኮኒው ኋላ ፎጣ የምታጥፈው ሳምሪ፣ የላውንድሪው ሠራተኛ፣ ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ እንዳሻው፣ አንተ ደሞ! አይላንድ ነው እኮ!»

ሳምሪ ለሁሉም ሰው «አንተ» ነው የምትለው፤ እሳቸውም አይከፋቸውም።

«የደሴቶች ስም ነው ጋሼ» አልኩ። «ፓሲፊክ ውቅያኖስ መሃል ያሉ ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። አሜሪካ ድሮ የኑክሌር ቦምብ ስትሞክር የነበረው እዚያ ነው። ሕዝቡ በመንግሥታት ስምምነት እዚህ ያለ ቪዛ ገብቶ መኖርና መሥራት ይችላል።»

«ያለ ቪዛ? ያለ ዲቪ፣ ያለ ኢንተርቪው፣ ያለ ስፖንሰር?» ጋሼ እንዳሻው ወደ ሳምሪ ዞሩ። «ሰማሽ? እኔ ስንት ዓመት ነው የጠበቅሁት? እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ምን ጎድሏቸው ነው የሚጠኑት?»

«ብዙ ነገር ጎድሏቸዋል። ግን አይታይም። በብዙ ቆጠራዎች ላይ ‹እስያዊና የፓሲፊክ ደሴቶች ተወላጅ› ተብለው ከእስያውያን ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገቡት።»

«ታዲያ ታድለዋል!» አሉ እጃቸውን አጨብጭበው። «እስያውያንን እኮ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ዊልሻየር ላይ ሕንፃው የማን ነው? የኮሪያዎቹ። ልጆቻቸው የት ነው የሚማሩት? ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ። ለምን ይመስልሻል? ገመናቸውን አያወሩም። ‹ራበኝ፣ ታመምኩ› ሲሉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኛም እንደ እነሱ አፋችንን ዘግተን ብንሠራ የት በደረስን።»

የሚያዳምጠኝ ሰው ሳገኝ ድምፄ ይቀንሳል። ቢሆንም ይህን ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛ ጋር ብቻ ስነጋገርበት ኖሬ ስለነበር፣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት ስንት ማጠቢያ ማሽን አለ?»

«ሃያ» አለች ሳምሪ። «ሁለቱ ብሮክን ናቸው።»

«አሥራ ስምንት እንበል። ባለቤቱ አሥራ ስምንት ማሽን አለው፤ እርስዎ ምንም የለዎትም። እኔ ደግሞ ቆጣሪ ነኝ። ሁለታችሁን አንድ ሳጥን ውስጥ ከትቼ አማካዩን አወጣለሁ። አማካዩ ዘጠኝ ነው። እንግዲህ በእኔ ወረቀት ላይ ጋሼ እንዳሻው ዘጠኝ ማሽን አላቸው።»

ትንሽ አሰቡ። «ዘጠኝ ማሽን ካለኝ ለምንድነው ለማጠቢያ ኳርተር ሳንቲም የምከፍለው?»

«እሱ ነው ጥያቄው!»

ሳቁ። የሳቁት ግን ለጨዋታው እንጂ ለክርክሩ እንዳልሆነ ከፊታቸው ይታይ ነበር።

«ኮሪያዎቹም ቢሆኑ» አልኩ፣ «ሕንፃ ያለው አለ፤ በዚያው ሕንፃ አንዲት ክፍል ውስጥ ማንም ሳያየው የሚያረጅ ሽማግሌም አለ። ካምቦዲያውያን አሉ፣ ከጦርነት ሸሽተው የመጡ። ‹እስያዊ› የሚለው ቃል ራሱ ሁሉንም ሸፍኖ ይዟል። የማርሻሊዝ ሰዎች ደግሞ ከዚያ ሽፋን ሥር፣ ከታች ናቸው። እኛ ለየብቻ አውጥተን ስናየው፣ ባነጋገርናቸው ቤተሰቦች መካከል ገቢው ይለያያል፣ በአንድ ክፍል የሚያድረው ሰው ቁጥር ይለያያል፣ የስኳር በሽታውም ይለያያል። ብዙ ዓመት የመንግሥት የሕክምና ዋስትና እንኳ አይሸፍናቸውም ነበር፤ የተመለሰላቸው በቅርቡ ነው።»

ከዚያ ለጥናቱ ያነጋገርኳትን፣ ጋርዴና ሰፈር የምትኖር የአንዲት ማርሻሊዝ ሴትዮ ታሪክ ነገርኳቸው። ስሟን መናገር አልችልም፤ የጥናት ደንብ ነው። አረጋውያንን የምትንከባከብ ሠራተኛ ናት፤ ዘጠኝ ሆነው በሁለት ክፍል ይኖራሉ። ስኳር ይዟታል። የምትሄድበት ክሊኒክ ፎርሙን ሰብስቦ ሲያይ በዚያ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሰዎች በአማካይ ደህና ናቸው፤ ስለዚህ ኮሪያንኛና ቻይንኛ አስተርጓሚ ቀጥሮ ጉዳዩን ዘጋ። እሷ ሐኪሙ ስለ እግሯ ቁስል የሚላትን አትረዳም። ፈገግ ብላ፣ ራሷን ነቅንቃ ትወጣለች። ሦስት የእግር ጣቶቿን ያጣችው እንዲህ ፈገግ እያለች ነው።

ጋሼ እንዳሻው ካልሲያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጠፉት።

«ያሳዝናል» አሉ። «ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ደፈረኝ እንዳትዪ። እነዚያን ሰዎች ከባለጸጎቹ ጋር አንድ ላይ ቢጠሯቸው ስማቸው ይጠበቅላቸው ነበር። አንቺ ለብቻ አውጥተሽ ‹ድሆቹ እነዚህ ናቸው› ብለሽ ስታቆሚያቸው ማን ቤት ያከራያቸዋል? ማን ይቀጥራቸዋል? ሰው ድህነቱን ይሸከመዋል፤ በወረቀት ሲነበብበት ግን ይሰበራል። እኔ ኢንግልዉድ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ፓርኪንግ፣ በሚኒባስ መንገደኛ ሳመላልስ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ‹ደከመኝ› ብዬ አላውቅም። ‹ሃው አር ዩ› ሲሉኝ ‹ቬሪ ዌል› ነው። ለዚህ ነው በክብር የቆየሁት።»

ይህ መልስ ቀላል መልስ አይደለም፤ እኔም አላቃለልኩትም። ሴትዮዋን ስጠይቃት በሆዴ የነበረው ጥያቄ ይኸው ነበር።

«እኔም ፈርቼ በአስተርጓሚያችን በኩል ጠይቄያታለሁ ጋሼ። ‹ይህን ብጽፍ ያሳፍርሻል?› አልኳት። ‹የሚያሳፍረኝ› አለችኝ፣ ‹ታምሜ ተሰልፌ እንኳ መኖሬን የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው።›»

 ጋሼ እንዳሻው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከዓይን ክሊኒክ የተላከ ደብዳቤ ነው፤ የሚሞላ ፎርም ተያይዞበታል።

«እስቲ የተማርሽ ከሆንሽ፣ ስፔሊንጉን ብቻ እዪልኝ። ሌላው ኦኬ ነው። ሐሙስ ለዓይኔ ኦፕሬሽን አለኝ፤ ነገ ጠዋት ላስገባው ነው።»

ፎርሙን አየሁት። ‹የሚመርጡት ቋንቋ› ከሚለው ፊት በትልልቅ ፊደል ‹ኢንግሊሽ› ተብሏል። ‹እንግሊዝኛ ምን ያህል ይችላሉ?› ለሚለው ‹ቬሪ ዌል› የምትለዋ ሳጥን ላይ ወፍራም ምልክት አለ። ‹አስተርጓሚ ይፈልጋሉ?› — አልፈልግም። ግርጌው ላይ በትናንሽ ፊደላት፣ ክሊኒኩ በየትኛው ቋንቋ አስተርጓሚ እንደሚያቀርብ የሚወስነው በእነዚህ መልሶች መሆኑ ተጽፏል።

ሳምሪ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አየች። «ቬሪ ዌል? ጋሼ እንዳሻው ቬሪ ዌል? ኦ ማይ ጋድ! ባለፈው አንድ ሰውዬ ሲወጣ ደህና ዋል ለማለት ‹ሃቭ ኤ ጉድ ዋን› ቢለው፣ ‹ዊች ዋን?› አለው እኮ!»

«እሱ ምን እንደሆነ አልተናገረማ!» አሉ ጋሼ እንዳሻው፤ እሳቸውም ሳቃቸው መጣ። «ክሊኒኩ ደግሞ ይብሳል። ዶክተሩ ሲያወራ እኔ እንደ ወጋችን ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግሁ ‹እህ፣ እህ› እላለሁ፤ እሺ ማለቴ ነው። ነርሷ ሮጣ መጥታ ደረቴን ማዳመጥ! ትንፋሽ ያጠረኝ መስሏት ኦክስጅን ልታስገባብኝ ነበር።»

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ግን እየሳቅሁ ደብዳቤውን አነበብኩት፤ ሳቄም እዚያው ቆመ።

«ጋሼ… ሐሙስ የሚሠራው የትኛው ዓይን ነው?»

«ግራው ነዋ። የጨለመው።»

«ዶክተሩ እንዲያ ብለዎት ነው?»

«የታመመው እሱ ነው፤ ሌላ የትኛውን ይሠራሉ? ይከፍቱትና ያበሩልኛል። ከዚያ ወደ ሥራዬ።»

ልነግራቸው ግድ ነበር። እንደ እኔ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። «እዚህ የተጻፈው ቀኝ ነው» አልኩ። «‹ቀኝ ዓይን› ይላል። ሁለት ቦታ።»

ወረቀቱን ከእጄ ነጠቁኝ። ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ያቺ ዓይን ያለቻቸው ብቸኛ መስኮት ነች። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፈው ተነሡ።

«አንቺ ደግሞ በሰው ዓይን ምን አገባሽ? ስፔሊንግ ነው ያልኩሽ!» አሉና ወጡ።

ሳምሪ ፎጣዋን ይዛ ቀረች። «ዶንት ዎሪ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ልብሱ ማድረቂያ ውስጥ ነው። የትም አይሄድም።»

እኔ ግን ጭኔ ላይ የነበረውን ሠንጠረዥ ማየት ከበደኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች ‹ምን ያህል ይችላሉ? ምን ያህል ይከብድዎታል?› ስል ኖሬያለሁ። መልሱን እንዳመጣጡ ቁጥር አድርጌ እመዘግባለሁ። ስንቱ ‹ቬሪ ዌል› እንዲህ እንደ ጋሼ እንዳሻው የተባለ እንደሆነ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሱ። አጠገቤ ተቀመጡ፤ ማድረቂያውን ግን አልከፈቱም።

«ባለቤቴ ባንቺአየሁ ትባል ነበር» አሉ ወደ ማሽኑ እያዩ። «አባቷ ያወጡላት ስም ለእኔ ሆነ። አሮጊቶች ቤት እየሠራች እንግሊዝኛውን አቀላጥፋው ነበር። ዶክተር ጋ ስሄድ አብራኝ ትገባለች። እኔ ‹የስ› እላለሁ፣ እሷ ትሰማለች፤ ማታ ቤት ስንገባ ትነግረኛለች። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። እኔ አሁንም ‹የስ› እላለሁ። ማታ የሚነግረኝ ግን የለም።»

«አስተርጓሚ አለ እኮ ጋሼ። ሕጉ ራሱ ይፈቅድልዎታል፤ በነጻ ነው። መጠየቅ ብቻ ነው።»

«ሥራ ስጠይቅ አንድ ጓደኛዬ ‹ማንኛውንም ፎርም ቬሪ ዌል በል፤ ሌላ ካልክ አይቀጥሩህም› አለኝ። እሱን ይዤ ቀረሁ። ደግሞስ… ‹እንዴት ነህ› ሲባል ‹ይመስገን› አይደል የሚባለው? አልቻልኩም ማለት ማማረር ይሆንብኛል።»

«‹ይመስገን› የሚባለው ለእግዚአብሔር ነው ጋሼ። ይሄን ፎርም የሚጠይቅዎት ክሊኒኩ ነው። እግዚአብሔር ሳይነገረውም ያውቃል፤ ክሊኒኩ ካልነገሩት አያውቅም።»

ፈገግ አሉ፤ ሳይፈልጉ። «አንቺ ዝምተኛ መስለሽ… እኛስ የትኛው ሳጥን ውስጥ ነን? ሐበሻው?»

«‹ብላክ ኦር አፍሪካን አሜሪካን› የሚለው ውስጥ። ከእኛ ውጭ ሌላ ብዙ ሕዝብ አለበት። ከዚያ ውስጥ እኛን የሚለየን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ‹ቋንቋ› የሚለው። እርስዎ እሱ ላይ ‹ኢንግሊሽ› ብለው ጻፉበት።»

ጋሼ እንዳሻው ወረቀቱን እንደገና አወጡ። ረጅም ጊዜ አዩት። «ስለዚህ የፌርፋክስ ሽማግሌ ሁሉ ‹ቬሪ ዌል› ካለ…»

«አማርኛ የሚፈልግ ሰው የለም ማለት ነው። አስተርጓሚም አይቀጠርም። ከዚያ በእውነት የቸገረው ሰው ሲመጣ፣ የለም ይባላል።»

«ለካ የደበቅሁት ራሴን ብቻ አይደለም» አሉ። ቀጥለውም በጣም ቀስ ብለው፣ «ፈርቻለሁ ልጄ። ያለችኝ ቀኟ ናት። ምን ሊያደርጓት እንደሆነ አላውቅም። በፈገግታ ልፈርምላቸው ነበር» አሉኝ።

እስክሪብቶዬን ተቀበሉ። ‹ኢንግሊሽ› የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዘው ከጎኑ በእጃቸው ‹አማርኛ› ብለው ጻፉ፤ በአማርኛ ፊደል። ከዚያ ‹ቬሪ ዌል›ን ሰርዘው ‹ኖት ዌል› ላይ፣ ቀጥሎም ‹አስተርጓሚ እፈልጋለሁ› ላይ ምልክት አደረጉ።

ሐሙስ የሆነውን እዚህ ላይ ልናገር። ክሊኒኩ ዶርቃ የምትባል አስተርጓሚ መድቦላቸው፣ ከመፈረማቸው በፊት ሐኪሙ እንደገና አስረዳቸው። የጨለመው ግራ ዓይን እንደማይመለስ የሰሙት ያን ቀን ነው። ኦፕሬሽኑ በቀኙ ውስጥ ያለውን ግፊት ቀንሶ ያለውን ብርሃን ለማቆየት ነው። ሁለቱም ዓይን ላይ መደረግ የነበረበትን ጠብታ ስድስት ወር ግራው ላይ ብቻ ሲያደርጉ እንደቆዩም ታወቀ። ለጥቂት ሳምንታት መንዳት እንደማይችሉ ሰሙ፤ አዘኑ፤ ለአለቃቸው አስቀድመው ተናገሩ። ዜናው ጥሩ አልነበረም። ግን የራሳቸው ዜና ነበር፤ ጠይቀው፣ መልሰው ጠይቀው፣ ገብቷቸው ፈረሙ። ኦፕሬሽኑም በደህና አለፈ።

ስለዚህ ይህን ለሚያነቡ ወገኖቼ የምለው አጭር ነው። በጅምላ ስንቆጠር የደላውም የቸገረውም እኩል የደላው ይመስላል። ቋንቋችንን በስሙ ብንጽፍ፣ የማንችለውን አንችልም ብንል፣ ሐኪሙ የትኛውን ዓይን እንደሚነካ እናውቃለን፤ መድኃኒታችንን በልኩ እንወስዳለን፤ ከእኛ ኋላ የሚመጣው ሰውም አስተርጓሚ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እውነት መናገር ልመና አይደለም።

ግን ያቺን እሑድ አልጨረስኳትም። የፎርሙ ጀርባ ላይ አንድ ጥያቄ ባዶ ቀርቶ ነበር። ተርጉሜ አነበብኩላቸው። «‹ከሚቀርቧቸው ሰዎች ጋር በሳምንት ስንት ጊዜ ይገናኛሉ ወይም ይነጋገራሉ?› አራት ምርጫ አለው። የመጀመሪያው ‹ከአንድ ጊዜ በታች› ነው።»

«ይመስ…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። «ዛሬ ይቆጠራል?»

እንዲቆጠር በጣም ፈለግሁ። «‹የሚቀርቧቸው› ነው የሚለው ጋሼ። እኔና እርስዎ ገና ዛሬ ነው የተዋወቅነው።»

«እንግዲያው የመጀመሪያው ነው» አሉ፤ ራሳቸው ምልክት አደረጉበት። እስክሪብቶውን ሲመልሱልኝ ግን አልለቀቁትም። «ለአንቺስ የትኛው ነው?»

ይህን ጥያቄ ለስንት ሰው አንብቤያለሁ። ማንም መልሶ ጠይቆኝ አያውቅም። «ደህና ነኝ ጋሼ» ልል አፌን ከፈትኩ።

«የመጀመሪያው» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተው ማድረቂያውን ከፈቱና አንድ ሰፊ የአልጋ አንሶላ አወጡ። ጫፉን በአገጫቸው ይዘው እጃቸውን ዘርግተው ሊያጥፉት ሞከሩ፤ አንደኛው ጎን ወደ ወለሉ ተንሸራተተ። ብቻውን የሚኖር ሰው አንሶላ የሚያጥፈው እንደዚያ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ሄጄ ሁለቱን ጫፎች ያዝኩ። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ አንሶላው በመሃላችን ተወጠረ፤ ከዚያ ሁለታችንም እጥፉን ይዘን ወደ መሃል መጣን።

«እሑድ ስንት ሰዓት ነው የምትመጪው?» አሉኝ።

«በዘጠኝ ሰዓት።»

«በአሜሪካ ነው በሐበሻ?»

«በሐበሻ» አልኩ። «በዘጠኝ።»